ባለሜዳ

በዚህ ሙቀት ጥቁር ጋውን ችላችሁ የተቀመጣችሁ የዛሬ ጋዜጠኞች፣

የጋበዙኝ ሰዎች ስለ ስፖርት እንድነግራችሁ፣ ፖለቲካውን ግን እንድተወው አደራ ብለውኝ ነበር። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ትናንት ማታ እስክሪብቶ ይዤ ሁለቱን ልለይ ተቀመጥኩ። የአፍሪካን እግር ኳስ በየትኛው ጫፍ ብጎትተው ፖለቲካው ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ይቅርታችሁን እየለመንኩ ሁለቱንም ይዤ መጥቻለሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1957 ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መሠረቱ። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊጫወቱ ተነሡ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አናሰልፍም አሉ። ሌሎቹ አልተቀበሏቸውም። ዕጣው እኛን ያገናኘው ከእነሱ ጋር ስለነበር የኢትዮጵያ ቡድን አንድ ኳስ ሳይመታ ለፍጻሜ ደረሰ! እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ያገባው ኤድ-ዲባ የሚባል አጥቂ ነው።

እንግዲህ የአህጉሩ ትልቁ ውድድር በሁለት ጨዋታ አለቀ። ድግስ ጠርቶ ከእንግዳው ሩቡን በር ላይ መመለስ ለደጋሽ ቀላል አይደለም። ደቡብ አፍሪካን እምቢ ያሉት ሰዎች ያሳነሱት የራሳቸውን ድግስ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእምቢ ባዮቹ ቀጥሎ ይድነቃቸው ተሰማ ይመጣሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1962 ዋንጫውን ስንወስድ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987 ድረስ፣ ካፍን መርተዋል። ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ከ16 ቦታ አንዷን ብቻ ቆርሶ አፍሪካና እስያ ተናጠቁባት ሲል እሳቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን መሩ። አፍሪካ ከማጣሪያው ወጣች፤ ፊፋም በገንዘብ ቀጣ። በዚያ ውድድር 9 ጎል አግብቶ ከሁሉም የበለጠው ኤውዜቢዮ የሞዛምቢክ ተወላጅ ነበር፤ ማሊያው ግን የፖርቱጋል። በ1970 አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች።

እስከዚህ ያለው ለወሬ ይጥማል። አሁን ወደማይጥመው ልሂድ።

በ1976 ሰኔ ወር በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች ተገደሉ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ትታገድ አሉ፤ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም የሚል መልስ መጣ። ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ቀሩ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። የእኛ ማርሽ ቀያሪ ምሩጽ ይፍጠር አልሮጠም። 5 ሺሁንም 10 ሺሁንም ላሴ ቪረን ወሰደ። የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ በ1 ሺህ 500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር፤ እሱም በቦታው አልነበረም። ወርቁን ያጠለቀው ጆን ዎከር ነው። የየት አገር ሰው ይመስላችኋል? የኒውዚላንድ!

ውሳኔው ስሕተት ነበር አልልም። ከሶዌቶ ሬሳ ጎን ሜዳሊያ ማስቀመጥ ለእኔም ይከብደኛል። ነገር ግን በ1957 እምቢ ያሉት የከፈሉት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ በ1976 የወሰኑት ሹማምንት ወደ ቢሯቸው ተመለሱ፣ ዕዳው የቀረው በሯጮቹ እግር ላይ ነው። ምሩጽ ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። ባዪ ግን የኦሊምፒክ ወርቅ ሳያገኝ ቀረ። ስለዚህ፣ አገር ከውድድር ወጣች የሚል ዜና ሲመጣላችሁ፣ ሂሳቡ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቁ አታስተላልፉት።

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ 1996 ብትሄዱ ሌላ ዓይነት መቅረት ታገኛላችሁ። በ1995 መጨረሻ የናይጄሪያው የሳኒ አባቻ መንግሥት ደራሲውን ኬን ሳሮ-ዊዋን ከስምንት ሰዎች ጋር ሰቀለ። ማንዴላ አወገዙ። ከሁለት ወር በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲጀመር የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ የጸጥታ ስጋት አለብኝ ብላ ቀረች። ያ የተጫዋቾች ትውልድ በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ትውልድ ነው። ቡድኑ ከ1998ቱ ዋንጫም ታገደ። አባቻ አንዲት ጎል አልገባበትም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በ2005 ኮትዲቯር ኦምዱርማን ላይ ሱዳንን 3 ለ 1 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ አጥቂው ድሮግባና ጓደኞቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፊት ተንበርክከው ጦርነት ውስጥ የነበረችው አገራቸው መሣሪያ እንድታስቀምጥ ለመኑ። በ2007 ደግሞ በአማፅያኑ ከተማ በቧኬ ማዳጋስካርን 5 ለ 0 አሸነፉ። እኔም በሬዲዮ አንድ አጥቂ ጦርነት አስቆመ ብዬ ድምፄን እያንቀጠቀጥኩ አወራሁ። የቧኬው ጨዋታ ከመድረሱ ከሦስት ወር በፊት ዋጋዱጉ ላይ የሰላም ስምምነት መፈረሙን አልተናገርኩም፤ ታሪኩን ያበላሽብኝ ነበራ። ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ አገሪቱ እንደገና ተቃጠለች፤ ወደ 3 ሺህ ሰው አለቀ። በዚያ ሰሞን አንድ አድማጭ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ያ ያስቆማችሁት ጦርነት እኮ ተነሣ» አለኝ። ምን እመልሳለሁ? የድሮግባ ልመና እውነተኛ ነበር፤ ያጋነንኩት እኔ ነኝ።

ካፍ የተመሠረተባት ካርቱምና ድሮግባ የተንበረከከባት ኦምዱርማን በአንድ ዓባይ የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ላይ ናት። የኦምዱርማኖቹ ክለቦች ሂላልና መሪኽ በማግስቱ ዓመት ተሰደው በሞሪታንያ ሊግ ተጫወቱ። ብሔራዊ ቡድኑ ጋናን «በሜዳው» 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሜዳው ሊቢያ፣ ቤንጋዚ ነበር። አሠልጣኙ ደግሞ ጋናዊው ክዌሲ አፒያ ነበሩ። ሱዳን ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፤ ጋና ቀረች።

የእኛም ቡድን፣ ከካፍ መሥራቾች አንዱ፣ ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ተብሎ በሰው አገር «ባለሜዳ» እየተባለ ተጫውቷል። እኛን ሜዳ ያሳጣን ጥይት አይደለም፤ ያልሠራነው ሥራ ነው።

ከነገ ጀምሮ ዴስክ ላይ ስትቀመጡ ይህች ቃል በየቀኑ ትመጣባችኋለች። ባለሜዳው አሸነፈ፣ ባለሜዳው ተሸነፈ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሳላስብ ጻፍኳት። እናንተ ባለሜዳው ሱዳን ብላችሁ ስትጽፉ ከሥሯ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩልኝ፤ ጨዋታው የት እንደተደረገና ቡድኑ ለምን ቤቱ እንዳልተጫወተ። አርታኢያችሁ ቦታ የለም ካለ ከእኔ ንግግር ላይ ይቀንስ።