ከፈንግል የተማርኩት፦ የዶሮን ሕመም ቶሎ ስለ መለየትና ስለ መከላከል

(ከባሕር ዳር ዙሪያ ቡድኖች አንዷ አባላችን በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ጸሐፊያችን ስለ ዶሮ ሕመም ተናገሪ ስትለኝ መጀመሪያ እንቢ ብያት ነበር። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን ያህል ያወቅሁት የወረዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካስተማረችን ነው፤ ቀሪውን ዶሮዎቼ አልቀውብኝ ነው የተማርኩት። ኋላ ግን ሳስበው፣ ከመካከላችን በብድር ዶሮ ያልገዛች ጥቂት ናት። ስለዚህ ይሁን ብዬ መጣሁ። ከምነግራችሁ ውስጥ የማፍርበትም አለ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከቡድናችን 6,000 ብር ተበድሬ 14 የሳሶ ቄቦች ገዛሁ፤ የ45 ቀን ነበሩ። በተረፈው ገንዘብ መኖ ገዛሁ፣ ቤታቸውን በቆርቆሮ አለበስኩ። ሁለቱን ጭልፊትና ሸለመጥማጥ ተካፈሏቸው፤ 12ቱ ግን ደርሰው ዕንቁላል መጣል ጀመሩ። ስገዛቸው ተከትበዋል ተብዬ ነበር፤ እውነትም ተከትበው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክትባቱ ለዕድሜ ልክ መስሎኝ አንድ ጊዜም አላስደገምኩም።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ጫጩት ላስፈለፍል ብዬ ከቅዳሜ ገበያ አንድ የሚያምር አውራ ዶሮ ገዛሁ። ያንኑ ማታ ከእናቶቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አሳደርኩት። በአምስተኛው ቀን አውራው ማንቀላፋት ጀመረ። ብርድ መትቶት ይሆናል ብዬ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ አጠጣሁት፤ ጎረቤቴ ደግሞ ፌጦ ጨምሪበት አለችኝ፣ ጨመርኩ። በማግስቱ አፉን ከፍቶ አንገቱን እየሰገገ አየር ይስብ ነበር፤ ኩሱ እንደ ውኃ የቀጠነ አረንጓዴ ሆነ። ማታውን ሞተ። ከዚያ ተራው የእናቶቹ ሆነ። አንዷ አንገቷ ተጠምዝዞ ሰማይ ሰማይ እያየች በአንድ ቦታ ትሽከረከር ነበር። እሷን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል።

ቅዳሜ ሲነጋ አራት ደህና የሚመስሉ ቀርተውኝ ነበር። ዕዳዬን አሰብኩ። ሦስቱን እግራቸውን አስሬ ገበያ ወሰድኳቸው፤ ሸጥኳቸውም። አንዷን የገዛችው የዚሁ የማኅበራችን አባል የሆነች፣ የሌላ ቡድን እህት ነበረች። ከአሥር ቀን በኋላ በቤቷ የነበሩት 9 ዶሮዎች አንድም ሳይቀሩ አለቁ። ያቺ እህት ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ እንድናገረውም ፈቅዳልኛለች። የዶሮዎቿን ዋጋ በየወሩ እየከፈልኩ ጨርሻለሁ። ያን ዓመት ከዕንቁላሉ ልትገዛው ያሰበችውን የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ግን በጊዜው ልመልስላት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ሕመሙ ልግባ። በሽታው ፈንግል ነው። ፈረንጆቹ ኒውካስል ይሉታል። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒት የለውም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም አሁንም ከሰው መድኃኒት ላይ ቴትራሳይክሊን እየፈቱ ውኃ ውስጥ የሚበጠብጡ እህቶች አሉ። ያ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከተረፉት ዶሮዎች ዕንቁላልም ጋር መድኃኒቱ ወደ ልጆቻችን ሆድ ይገባል። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ሎሚውም፣ ፌጦውም ፈንግልን አይመልሱትም። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። በሽታው ከገባባት ቀን ጀምሮ ምልክት እስኪታይባት ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን ይወስዳል፤ እስከ ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ገበያ ላይ ዓይኗ ያበራ ዶሮ ታማ ልትሆን ትችላለች የምንለው ለዚህ ነው። እኔ የሸጥኳቸው ሦስቱም ዓይናቸው ያበራ ነበር።

ዶሮ፣ እንደ ወፍ ዘር ሁሉ፣ ሕመሟን ትደብቃለች። መንጋው ውስጥ የደከመች ትነከሳለች፣ ጭልፊትም የሚለያት እሷን ነው፤ ስለዚህ እስከምትችለው ድረስ ደህና መስላ ትቆማለች። ቀን ላይ ጥሬ ስንበትንላት ከሌሎቹ ጋር ትሮጣለች፣ ግን ልብ ብላችሁ ብታዩ ጥሬውን ትነካካለች እንጂ አትውጠውም። ስለዚህ የሚታዩበትን ሰዓት መምረጥ ነው። እኔ አሁን በሩን የምከፍተው ራሴ ነኝ፤ ለልጅ አልተውም። ጠዋት በሩ ሲከፈት ጤነኛዋ ተሻምታ ትወጣለች። ቆጡ ላይ የቀረችው፣ ላባዋን ነፍታ ዓይኗን የከደነችው፣ ክንፏን የጣለችው፣ እሷ ናት የዚያን ቀን ሥራዬ። ማታ ደግሞ ሁሉም ቆጥ ላይ ሰፍረው ጸጥ ሲሉ ቆሜ አዳምጣለሁ። የሚያስነጥስ፣ የሚያፏጭ፣ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ ቀን በጫጫታው ውስጥ አይሰማም፤ ማታ ይሰማል።

ከቆጡ ሥር ያለውንም ኩስ ሳልጠርግ በፊት አየዋለሁ። ስትስቁ አያለሁ፤ ግን ዶሮ አፍ የላትም፣ የምትነግረን በዚያ ነው። የጤነኛ ዶሮ ኩስ ጠቆር ወይም ቡናማ ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ አለው፤ ነጩ ሽንቷ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ የሚጣበቅ፣ እንደ ቀለጠ ቸኮሌት ያለ፣ በጣም የሚሸት ትጥላለች፤ እሱም ጤና ነው፣ ብዙ ሰው ግን ደንግጦ መድኃኒት ይገዛል። የሚያስፈራው አረንጓዴ ውኃ፣ ደም ያለበት፣ ወይም ቂጧ ዙሪያ ላባው ላይ የደረቀ ነጭ ነው።

ደም ካያችሁ፣ በተለይ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባሉ ጫጩቶች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ነው። ይህኛው ግን ተስፋ አለው። አምፕሮሊየም የሚባል በውኃ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ከተደረሰ ይድናሉ፤ መጠኑን ባለሙያዋን ጠይቁ። የሚራባው እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው። የውኃ ዕቃው የሚፈስበትን ቦታ ካላደረቃችሁና ጭዱን ወይም ሰጋቱራውን ካልቀየራችሁ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። የአንዷ ቡድናችን እህት በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ከገዛች በኋላ ነው የውኃ ዕቃውን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ ያስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰባትም።

ፈንጣጣም አለ፤ ላባ በሌለበት ፊቷና አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ላይ እንደ ኪንታሮት ይወጣል። ትንኝ ያስተላልፈዋል፤ እኛ ደግሞ የጣና ዳር ሰዎች ነን። ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉ፤ አፏና ጉሮሮዋ ውስጥ ከገባ ግን ይገድላል። ማሬክና ጉምቦሮ የሚባሉም አሉ፤ እነሱን በክትባት እንጂ በሌላ አንችላቸውም፣ ስለዚህ ጫጩት ስትገዙ የትኞቹን እንደተከተቡ አስጽፋችሁ ተቀበሉ።

ቅንቅን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም በሽታ ነው ብለን አንቆጥረውም። ቀዩ ቅንቅን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም። በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይጠጣል። ዕንቁላል ቀነሰች፣ አናቷ ገረጣ፣ ማታ ወደ ቤት መግባት እንቢ አለች ስትሉ በባትሪ ሌሊት ቆጡን እዩት። ቆጡን አውርዶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ለዶሮዎቹም የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድና አፈር ጥግ ላይ ማኖር ነው። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም።

ወደ ፈንግል ልመለስ፣ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነውና። ክትባት አለው፤ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ ተቋም እዚሁ አገራችን ይመረታል። ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ነው፤ ልጅ እንኳ ዶሮዋን ይዞ ሊያግዝ ይችላል። ታዲያ ለምን አናስከትብም? ወረዳ ሄጄ ስጠይቅ ነው የገባኝ። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ዶሮ ተብሎ አይሠራም፤ በመቶ የሚቆጠር ዶሮ ይከትባል። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይበላሻል። 12 ዶሮ ላላት ሴት ማን ብልቃጥ ይከፍትላታል? ብቻዋን ከሆነች ማንም። በዚህ በኩል ክትባት እንደ ዕቁብ ነው፤ ካልተሰበሰበ አይሠራም።

ቡድናችን አሁን በዓመት አራት ጊዜ ያስከትባል፦ ነሐሴ፣ ኅዳር፣ የካቲትና ግንቦት መጀመሪያ። ወሮቹን የመረጥናቸው ከባለሙያዋ ጋር ነው፤ በየሦስት ወሩ ይደገም ስላለችን፣ እንዲሁም እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲደርሱ ከየአቅጣጫው ገበያ የሚመጣው ዶሮ ስለሚቀላቀል፣ ግንቦትም ዝናብ ሳይገባ ስለሆነ። ክትባቱ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የታመመች ዶሮ አትከተብም፤ በሽታው ግቢ ከገባ በኋላም ክትባት አያድንም። በቀዝቃዛ ሣጥን በበረዶ ካልመጣ አትቀበሉት፤ አንድ ጊዜ በፌስታል ይዞልን የመጣ ሰው ነበር፣ መልሰነዋል። ከትባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፤ ዓይን ያቀላል።

ሌላው የተስማማንበት ነገር፣ የተገዛ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው፣ በሌላ የውኃ ዕቃ፣ ይቆያል። መጀመሪያ የሚመገቡት የቆዩት ናቸው፣ እንግዳው መጨረሻ። ከሞተ ደግሞ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ ለውሻ አይጣልም፣ ቦይ ውስጥ አይወረወርም። ሳይሞት እንረደው የሚሉ አሉ። ላባው፣ ደሙና አንጀቱ ግቢ ለግቢ በሽታውን ይዞ ይዞራል፤ ምን እንደያዛት ሳይታወቅ የታመመችን ዶሮ ማረድም ለራሳችን ደግ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስናወራ ግን አንዲት ሴት ለምን የታመመ መንጋ ይዛ ገበያ እንደምትሄድ እኔ አውቃለሁ። ክፉ ሆና አይደለም፤ የብድሩ ቀን ደርሶባት ነው። ስለዚህ ቡድናችን ዶሮ የሞተባት እህት ለባለሙያዋና ለቡድኑ በዚያው ቀን ካሳወቀች የብድሯ ክፍያ ሦስት ወር እንዲራዘምላት ወስኗል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሁለት እህቶች ተጠቅመውበታል፤ ሁለቱም ከፍለው ጨርሰዋል። ሌሎቹ ቡድኖችም ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ለድጋፍ ሰጪዎቻችን አንድ ነገር ላንሣ፤ እንደ ወቀሳ እንዳትቆጥሩብኝ። ዶሮ ስትሰጡን እናመሰግናለን፣ ፎቶም ያምራል። ግን 500 ጫጩት ከማደል በፊት አንድ የክትባት ቀዝቃዛ ሣጥንና በየሦስት ወሩ የባለሙያዋ የትራንስፖርት ወጪ ብትችሉልን፣ ያሉን ዶሮዎች አይሞቱም ነበር።

የሚቀጥለው ክትባት ግንቦት 3 ጠዋት በ1 ሰዓት፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ነው። ማታውን በራቸውን ዝጉ፣ ቁጥራቸውን ጽፋችሁ እስከ ሚያዝያ 25 ለየቡድኑ ጸሐፊ ስጡ። አባል ያልሆነች ጎረቤት ካለቻችሁም የእሷን ዶሮዎች ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉ፤ የእሷ ዶሮ ከእናንተ ግቢ ነው የሚውለው።