ለሐረጎ ቁልቁለት የትኛው ሞተር ብስክሌት ይሻላል?



አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት ቀለሟን አልነበረም። ወዴት ትሄዳለች? ማንን ትጭናለች? ገደል ስታይ እግሯን ታጸናለች ወይስ ትደነብራለች? ብለው ከመረመሩ በኋላ ነበር ዋጋ የሚቆርጡት። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ብስክሌት ቢሆንም ጥያቄው ያው የአባቶቻችን ጥያቄ ነው።

ይህን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ በደሴ ከተማ ሆጤ የሚኖርና ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ለብዙ ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ «ክሩዘር ልግዛ ወይስ ቱሪንግ?» ሲል ጠየቀኝ። ልቡ ያዘነበለው ወደ ክሩዘሩ ሲሆን፣ የወደደውም በመልኩ ነበር። «ከኋላህ ማን ይቀመጣል?» ብለው፣ «ባለቤቴ፤ እርስዋም ሥራዋ እዚያው ነው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የመልክ ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ክሩዘር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ የተመሠረተው ሐርሊ ዴቪድሰን በዓለም ያስታወቀው ዓይነት ነው። ኮርቻው ዝቅ ያለ ነው፤ ነጂው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ዘና ብሎ ይቀመጣል፤ ሞተሩም በዝግታ እየዞረ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ቱሪንግ ግን ለረጅም ጉዞ የታሰበ ነው። ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል መስተዋት፣ ከጎንና ከጎን የዕቃ ሣጥን አለው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ ያሳየው ጎልድ ዊንግ ውሎ አድሮ የዚህ ወገን ዋና ምሳሌ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ መንገዳችን እንመለስ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል፣ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ክሩዘር ለመሬት የቀረበ ስለ ሆነ በኩርባ ላይ ብዙ ሲያጋድል የእግር መርገጫው አስፋልቱን ይፍቃል፤ አጥብቆ የነካ እንደ ሆነም የኋላውን ጎማ ከመሬት ሊያነሣው ይችላል። ደግሞም እግር ወደ ፊት ከተዘረጋ፣ ጉድጓድ ሲያጋጥም በመርገጫው ላይ ብድግ ማለት አይቻልምና ምቱ በቀጥታ ወደ ወገብ ይደርሳል። በክረምት የደሴ ጉምና ብርድ ሲጨመርበት የቱሪንጉ መስተዋት ጥቅሙ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ክሩዘሩን አንናቅ። ኮርቻው ዝቅተኛ በመሆኑ ሁለቱም እግር መሬት በሚገባ ይረግጣል፤ በኮምቦልቻ ሜዳ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ቱሪንግም ጉድለት አለው፤ የዛሬው ጎልድ ዊንግ ክብደቱ ከ350 ኪሎ ግራም በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ድንጋያማ በሆነ የሰፈር መንገድ ላይ ማዞር ቀላል ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፦ አቀማመጡ እንደ ቱሪንግ ቀጥ ያለ፣ ክብደቱ ግን መካከለኛ የሆነውን ምረጥ። ከመግዛትህ በፊት ባለቤትህን ከኋላ አስቀምጠህ እግርህ መሬት ይደርስ እንደ ሆነ ፈትን፤ ሞተሩን አጥፍተህ ወደ ኋላ ግፋው። መለዋወጫው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መገኘቱንም አስቀድመህ ጠይቅ። ከሁሉም በላይ ለእርስዋም ለአንተም የራስ ቁር የሚገዛበትን ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ አስቀድመህ ለይ።

ሐረጎን ስትወርድ ማርሹን ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ አድርግ እንጂ በፍሬን ብቻ አትተማመን። ያለ ዕረፍት የተያዘ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል።

አንባቢ ሆይ፤ ሞተሩ ቆሞ ሲያዩት የሚያምር ቢሆን መልካም ነው። ነገር ግን ሚዛኑ፣ ማታ ሁለቱንም ሰዎች በደኅና ወደ ቤታቸው መመለሱ ነው።