የሳይንስ ማኅበራትና የእኛ ደጋ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከኮን በመጣን ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ወደ ኮን በወረድን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ትምህርታችንን ጠየቁን። ስለ ሣሩ፣ ስለ ዛፉና ስለ አውሬው የሚመራመሩ ማኅበራት በዓለም እንዳሉ፣ የእኛንም ደጋ እንደሚያጠኑ ነገርናቸው። እሳቸውም «ታዲያ ያዩትን ለእኛ ማን ነገረን?» አሉ። የዛሬው ንግግራችን የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በዋድላ አልፎ፣ ቤተ ሖር ሰፍሮ፣ የዥጣን ገደል ወርዶ ደላንታ ወጣ። ከጠመንጃው ጋር ሊቃውንትም ነበሩበት። የሎንዶን የጂኦግራፊ ማኅበር ጸሐፊ ክሌመንትስ ማርክሃም አገሩን ጻፈ፤ ዊሊያም ብላንፎርድ ድንጋዩንና እንስሳውን መዘገበ፤ መጽሐፉም በ1870 ታተመ። ለሎንዶን የእንስሳት ጥናት ማኅበር የሠራው ዊሊያም ጄሲ በሰሜን በኩል ወፎች ሰበሰበ። ከዚያ ቀደም ብሎም ኤድዋርድ ሩፔል በሰሜን ተራራ ያገኘውን ለፍራንክፈርት የዘንከንበርግ ማኅበር አስረክቧል፤ ቀይ ቀበሮን የሳይንስ ዓለም ያወቀው በእርሱ ነው። ሥራቸውን አናጣጥልም። ነገር ግን ዕውቀቱ በበቅሎ ተጭኖ ሄደ፤ ከዋድላ ሰው ግን ያነበበው የለም።

በእኛ ዘመን የተሻለ መንገድ ታይቷል። የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በስዊድን መንግሥት ገንዘብ አብረው ሠሩት፤ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ኢንጋ ሄድበርግና ሱ ኤድዋርድስ ደከሙበት። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፀዋት ተዘረዘሩ፤ የወሎ ደጋም የራሱ ምልክት አለው። ይህ ሁሉ ሲሆን የደረቀው ተክል እዚሁ አራት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሄርባሪየም ቀረ፤ የአገር ልጆችም በሥራው ላይ እያሉ ተማሩ። የአፍሪካን የሐሩር አገር ዕፀዋት የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ2003 ጉባኤውን በአዲስ አበባ አደረገ። ወደ አውሮፓ ለመሄድ የቲኬት ዋጋ የሌለው ተማሪ በከተማ አውቶቡስ ሄዶ ሊሰማ የቻለበት ጉባኤ ነው። ማኅበር ረዳ ማለት ለእኛ ይህ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮ ደግሞ እንናገር። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በላሊበላ ራስጌ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይኖራሉ። ሰው በግ ይበላል ብሎ ይጠላዋል፤ ምግቡ ግን አብዛኛው የደጋ አይጥ ነው። የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ብዙ ገደለ። ስለዚህ ቀበሮውን የሚጠብቅ ሁሉ አስቀድሞ የገበሬውን ውሻ ይከትባል። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበርም በመንዝ ጓሳ ከባላገሩ ጋር ሠርቷል፤ ጓሳውን በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁ የኖሩት ግን መንዞች ናቸው፤ ይህን የምንለው የውጭ ሰው ባይመጣ ኖሮ ምንም የለም ለሚሉ ወንድሞቻችን ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተመሥርቶ «ዋሊያ» የሚባል መጽሔት አውጥቷል። ከእኛ ስንቱ አባል ነው? እጅ አውጡ ብንል እናፍራለን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማኅበራት በእኛ ደጋ ጥናት ሲያደርጉ ከአካባቢው አንድ ተማሪ ይዘው ይውጡ፤ ያገኙትንም በአማርኛ፣ ቢያንስ በሁለት ገጽ፣ ለኮን ትምህርት ቤት ይላኩ። እኛም በበኩላችን በመጪው ክረምት ጅብራውን፣ አስታውንና ኮሶውን ከነአበባቸው በአሮጌ ጋዜጣ መሐል አድርቀን፣ ቦታውንና ቀኑን፣ እረኞቹ የሚጠሩበትንም ስም ጽፈን ወደ አራት ኪሎ እናመጣለን። ለሽማግሌው የሚነበበውን ሁለት ገጽ ጽፈን ጀምረናል፤ ማረም የሚችል ካለ ከስብሰባው በኋላ ይቆየን።