«ወራጅ አለ!» የሚባለው ለማን ነው?

ራሱን በራሱ የሚነዳ መኪና ዙሪያውን በካሜራ፣ በራዳርና በሌዘር ጨረር እየቃኘ፣ መሪውንና ፍሬኑን ለኮምፒውተር ትቶ ይጓዛል። ዌይሞ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካዋ ፊኒክስ አካባቢ ሹፌር የሌለውን ታክሲ ለሕዝብ ክፍት ካደረገ ወዲህ፣ ሰው ይሳፈርበታል ወይ የሚለው ጥያቄ የወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ፍሬድ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው እንደሚጠቅመውና እንደማያስቸግረው ሲያምን ነው ብለዋል። ለቢሮ ኮምፒውተር ይህ ይበቃ ይሆናል። ነፍስን አምኖ ለሚሳፈሩበት ነገር ግን ያንሳል፤ ተሳፋሪ ጥፋት ሲደርስ የሚጠይቀው ሰውም ይፈልጋል።

ለአዲስ አበባ ሹፌር አልባ ታክሲ ገና እንግዳ ነው። የቅርብ ምሳሌው በስልክ የሚታዘዘው የታክሲ አገልግሎት ራይድ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራውን ስትጀምር፣ አምሽቶ ከቢሮ ለሚወጣ ሰው ኮንትራት ታክሲ መያዝ ክርክርም ስጋትም ነበረው። ራይድ ዘመናዊ ስልክ የሌለውንም አልተወም፤ 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ ይቻላል። ዋጋው በኪሎ ሜትር ይታሰባል፣ የሹፌሩ ማንነትና ታርጋው ይታወቃል። ነዋሪው የማያውቀው ሰው መኪና ውስጥ በሌሊት ለመግባት የደፈረው በቴክኖሎጂው ተደንቆ አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው በስም ስለተገኘ ነው።

በካዛንቺስ የሚኒባስ ተራ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» ይላል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ቦታ ያበጃል፤ የእናቶችን ዘንቢል ተቀብሎ ያስገባል፤ መልስ ሲያዘገይ ይሰደባል። «ወራጅ አለ!» ሲባል ሹፌሩ ዳር ይይዛል። መንገዱም የሚሠራው በዚሁ የሰው ለሰው ስምምነት ነው። እግረኛ ዜብራ ባይኖርም መዳፉን ዘርግቶ ይገባል፣ ሹፌሩ ዐይቶት ይገታል፤ ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ መብራቱ አረንጓዴ እያለም በእጁ ያስቆማል። ለዚህ ተሳፋሪ ሹፌሩን ማንሳት ማለት የሚለምነውንም የሚቆጣውንም ሰው ማንሳት ነው።

ተጠያቂነቱ እንዴት እንደሚወሳሰብ በቴምፒ፣ አሪዞና ታይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የኡበር የሙከራ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም፤ የተከሰሰችው ከመሪው ኋላ ተቀምጣ መኪናውን እንድትጠብቅ የተቀጠረችው ሠራተኛ ነበረች። ማሽኑ ሲነዳ ሰው ተጠየቀ። ይህን የሰማ መንገደኛ ቢያመነታ ፈሪ አያሰኘውም።

ካዛንቺስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት ተለውጧል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ ተለይቷል። የመንገድ መስመር አንብቦ ለሚሄድ መኪና ይህ ሳይመቸው አይቀርም። ከቀድሞው ነዋሪ ብዙው ግን በከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ገላን ጉራ ተዛውሯል፤ ለእሱ የሚቀድመው የታክሲው ሹፌር መኖር አለመኖሩ ሳይሆን ታክሲው መምጣቱ ነው። ጥገናም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውና በስታዲየም በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር ተሳፋሪ አጥቶ አያውቅም፤ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙት በመለዋወጫ እጥረት ነው። በሰንሰር የተሞላ መኪና ከዚህ የባሰ መለዋወጫ ይጠይቃል።

የመቀበል ጥያቄ ከተሳፋሪው ወንበር ውጭም ይቀርባል። ዋሽንግተን ውስጥ በርካታ ኢትዮጵያውያን ታክሲ እየነዱ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻቸው ገንዘብ ይልካሉ፤ ዌይሞ ወደዚያች ከተማ የመግባት ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል። በአዲስ አበባም ከአንድ ሚኒባስ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ተራ አስከባሪው ይበላሉ። እነዚህ ሰዎች መኪናው ይገጨን ይሆን ከማለታቸው በፊት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል ይላሉ።