መዳብና የሚሽከረከረው ዲስክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም በጪጩ የተነበበ ንግግር)



የምንናገረው ስለ መዳብ ነው። ከወላጆቻችን አንዱ በቅርቡ፣ «ልጆቼ፣ ቡናና እንሰት በሞላበት አገር መዳብ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቡና ሸጦ የሚያስተምር አባት ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ማወቅ ይገባዋልና።

መዳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከወርቅና ከብር ሌላ በመዳብም ገንዘብ ያሠሩ ነበር፤ በአንዳንዱም የመዳብ ገንዘብ ላይ ወርቅ ይለብጡበት ነበር። አያቶቻችን የሚያስታውሱት 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ስሙኒም መዳብ ነው። ይህ ስሙኒ በመጀመሪያ ድፍን ክብ ነበረ፤ መጠኑ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለ ተቀራረበ ግን ኋላ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ እንዲኖረው ተደረገ። ምክንያቱም አንዳንድ ብልጦች ስሙኒውን ብር እየለበጡ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ ይመነዝሩት ስለ ነበር ነው ይባላል። መዳብ ብር በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲነከር ኤሌክትሮኑን ለብሩ ስለሚሰጥ፣ ብሩ ያለ ባትሪ ራሱ መጥቶ ይለብጠዋል። ብልጦቹ ኬሚስትሪ ይወቁ አይወቁ እንጃ!

ዛሬ ደግሞ ቤታችንን የሚያበራው ሽቦ መዳብ ነው። ከማዕድን የወጣ መዳብ በእሳት ቀልጦ ብቻ ለሽቦ የሚበቃ ጥራት አያገኝም። በዛምቢያ እንደሚደረገው በኤሌክትሪክ ይጣራል፤ ይኸውም ያልጠራው መዳብ በአሲድ ውሃ ውስጥ ይሟሟና ንጹሑ በሌላው ሳህን ላይ ተመልሶ ይለጠፋል። ጥራቱም ከመቶ 99.99 ይደርሳል።

ይህን በክፍል ተምረናል። አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት 1.19 ግራም ያህል መዳብ እንደሚለጥፍ የፋራዴይን ሕግ ይዘን እናሰላለን። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከመቶ 3.2 ብቻ ማለፋቸውን ስንሰማ፣ ፎርሙላን በቃል መያዝና ነገሩን ማወቅ አንድ እንዳልሆኑ ተረዳን። ስለዚህ አራት ሆነን መዳቡን በዓይናችን ለማየት ተነሣን።

በብርጭቆ ውስጥ ሰማያዊውን ኮፐር ሰልፌት አሟሟን። ሁለት የመዳብ ሽቦ ነክረን በባትሪ ድንጋይ አገናኘን፤ በመካከሉም ቴስተር አስገባን። ቴስተሩ መጀመሪያ ከፍ ያለ ቍጥር አሳየና እያደር ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ብርጭቆውን ሲነኩት ይወጣል፤ ሲተዉት ይወርዳል። እንዲህ ከሚዋልል ቍጥር ስለ መዳብ ምን ማወቅ ይቻላል? ምንም።

ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንሂድ፤ ይህን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በመኸር ጊዜ እሸት ቡና የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ የሚፈለፍል መኪናም አለ። ተሸካሚዎቹ ጥቂት ከሆኑ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ የቀኑም ሥራ የሚለካው በተሸካሚዎቹ ቍጥር ነው። ተሸካሚዎቹ በዝተው በበሩ ከተሰለፉ ግን ሌላ መቶ ሰው ቢጨመር ትርፉ ሰልፍ ነው፤ ያን ጊዜ የሚለካው የመኪናው ጕልበት ይሆናል። በብርጭቆውም ውስጥ እንዲሁ ነው። ውሃው የመዳብ አዮኖችን ተሸክሞ ያመጣል፤ በሽቦው ፊት ላይ ደግሞ ኤሌክትሮን ይሰጣቸዋል። ቴስተሩ ዝቅ ሲል የደከመው ተሸካሚው ይሁን መኪናው፣ ውሃው ዝም ብሎ በቆመበት መለየት አይቻልም። በማንኪያ ማማሰልም አይበቃም፤ የእጅ ማማሰል ዛሬና ነገ አንድ አይደለምና።

መፍትሔው የሚሽከረከር ዲስክ ነው። ዲስኩ በውሃው ውስጥ ሲሽከረከር ፊቱ ላይ ያለውን ውሃ ወደ ዳር ይወረውራል፤ በምትኩም አዲስ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይስባል። የሚስበውም በልክ ነው። ቬንያሚን ሌቪች የተባለ የሶቪየት ሊቅ በ1942 እ.ኤ.አ. ይህን በሒሳብ አረጋገጠ፤ ተሸካሚው ውሃ ብቻ ሥራውን ሲወስን፣ የኤሌክትሪኩ መጠን የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ሩት ነው። በደቂቃ 400 ጊዜ ሲዞር 100 የሚያሳይ መሣሪያ፣ በ1600 ዙር 200፣ በ3600 ዙር 300 ያሳያል ማለት ነው። ከዚህ ሕግ ካፈነገጠ፣ መኪናው ማለት ኤሌክትሮን መስጠቱ ዘገየ ማለት ነው።

የእኛ መሣሪያ እጅግ ተራ ነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ በእስክሪፕቶ ቀፎ ውስጥ አስገብተን ዙሪያውን በሙጫ ደፈንን፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ሞርደን ትንሽ ክብ ፊት ብቻ አስቀረን። ከተጣለ ቴፕ በወጣ ዲናሞ አዞርነው። ከላይ በኩል የሚተሻሽ ቀጭን የመዳብ ቅጠል ኤሌክትሪኩን ያቀብለዋል። ዲስኩ ሲዞር ያ የሚዋልለው ቍጥር ከፍ ብሎ ጸጥ አለ! ዲናሞው ሲፈጥን ቍጥሩ ጨመረ፤ ሲዘገይ ቀነሰ። ቮልቴጁን እጅግ ዝቅ ስናደርግ ግን ዲናሞው ቢፈጥንም ባይፈጥንም ቍጥሩ ያው ሆነ። ተሸካሚውና መኪናው በፊታችን ተለያዩ።

ሌላም ነገር አየን። በቆመ ውሃ ኤሌክትሪኩን ከመጠን በላይ ስናበዛ፣ የሚለጠፈው መዳብ በጣት የሚጠረግ ጥቁር ቡናማ ዱቄት ሆነ። እያዞርን በዚያው ኤሌክትሪክ ስንሠራ ግን ጽኑና ቀላ ያለ መዳብ ተለጠፈ። ብረት የሚለብጥ ባለሙያ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው በከንቱ አይደለም።

የሠለጠኑት ላቦራቶሪዎች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። የመዳብ አዮን ሁለቱን ኤሌክትሮኖች የሚቀበለው በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ዘገምተኛ፣ ሁለተኛው ፈጣን ነው። በመካከል የሚገኘው ባለ አንድ ኤሌክትሮን መዳብ ወዲያው ስለሚጠፋ ለመያዝ ያስቸግራል። በ1959 እ.ኤ.አ. ፍሩምኪንና ኔክራሶቭ በዲስኩ ዙሪያ ቀለበት አድርገው፣ ከዲስኩ ተወርውሮ የሚወጣውን ነገር በቀለበቱ የሚያጠምዱበትን ዘዴ አስታወቁ። ዝናብ ከጣራ ሲወርድ በአሸንዳ እንደ መቀበል ነው።

ጥያቄውን ላነሡት አባታችን አንድ ነገር እንጨምር። ኤሌክትሮድ ከቡናም ጋር ይተዋወቃል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገራችን ኬሚስቶች በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን በኤሌክትሮድ የሚለኩበትን ዘዴ ታላንታ በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። የእነርሱ ኤሌክትሮድ ከካርቦን የተሠራ ነው፤ አሠራሩ ግን ከዚሁ ትምህርት የመጣ ነው። ቡናችንን ሌላው ለክቶ ዋጋውን ከሚነግረን፣ እኛው መለካት ብንችል አይሻልምን?

መሣሪያውን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ትተንላቸዋል፤ በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የሚተሻሸው ቅጠል ቶሎ ስለሚያልቅ በየጊዜው ለውጡት። የተረፈውን ሰማያዊ ውሃ ወደ ወንዝ አትድፉ፤ መዳብ ለዓሣና ለውሃ ተክል መርዝ ነው። የብረት ምስማሮች ጨምራችሁበት እደሩ፤ ጠዋት መዳቡ በምስማሩ ላይ ለብሶ፣ ሰማያዊው ቀለም ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። እኛ ያልደረስንበት ሥራም አለ፤ በኮፐር ሰልፌቱ ውስጥ የገበታ ጨው ብትጨምሩ ያ ባለ አንድ ኤሌክትሮን መዳብ ዕድሜ ያገኛል። ቴስተሩ ያን ጊዜ ምን እንደሚያሳይ ጽፋችሁ ለመምህራችን ስጡልን።