ሚስማር ከመምታት በፊት እንለካ



ዛሬ የምንነጋገረው ወጨፎ ስለሚመታው ግድግዳ ነው። ይህን ግድግዳ ከውጭ በጣውላ ለመሸፈን ስናስብ፣ መዶሻ ከማንሳታችን በፊት ምን ምን ማድረግ እንዳለብን እናያለን።

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ጭቃ መልካም ነገር ነው። ከደጃችን ይገኛል፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ብርድም ይከላከላል። ጠላቱ ግን ውሃ ነው። ነፋስ ዝናቡን እየገፋ በአንድ ወገን ሲያላጋው ምርጊቱ ይረጥባል፤ ይላጣል፤ በመጨረሻም ማገሩ ገጦ ይታያል። ክረምት በወጣ ቁጥር እናቶቻችን እንደገና ጭቃ ያቦካሉ፣ እበት ይለቀልቃሉ። የዛሬ ዓመት ደግሞ ያው ነው።

ድካሙ ብቻ ቢሆን በቀለለ። ጎታው የተጠጋበት ግድግዳ ሲረጥብ እህሉ ይሻግታል። ለዘር የተቀመጠው እህል ከሻገተ ደግሞ ጉዳቱ በዘንድሮው እራት አያበቃም፤ የከርሞውንም አዝመራ ይነካል። ስለዚህ ወጨፎ የሚመታውን አንዱን ግድግዳ በጣውላ መሸፈን ቅንጦት አይደለም።

ጣውላ ግን ገንዘብ ነው። ከገበያ ብንገዛው ገንዘብ ነው፤ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ብናስሰነጥቀውም ያው ገንዘብ ነው። ጽድና ዝግባ በብዙ ቦታ ተመናምነዋል። የተፈጥሮ አገሩ አውስትራሊያ የሆነውና በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ቢሆን፣ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ ያለ ልክ የተቆረጠ ጣውላ የብዙ ዓመት ዛፍ ነው ማለት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በጥድፊያ የተመታ ጣውላም እንዲሁ ነው።

እኛ አናጢዎች አይደለንም። ከአናጢዎች ጋር ቆመን ያየነውንና በቁጥር ያሰላነውን ነው የምናካፍላችሁ። ፊደል ስንቆጥር መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈልም ተምረናል። እነዚህ አራቱ ለዛሬው ሥራ ይበቁናል።

አንደኛ፣ እንጨቱን እናድርቅ። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ በውስጡ ውሃ አለው። ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚቀንሰው እዚህ ግባ አይባልም፤ በወርዱ ግን ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያጣ ይችላል። እርጥቡን ለክተን ከመታነው በኋላ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ወይም ጣውላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባን፣ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር እንደርድረው። የምንለካው ከደረቀ በኋላ ነው። ስንለካም አንዱን ብቻ አንለካም። 20 ነው የተባለው ጣውላ ሁሉ 20 አይሆንም። ብዙዎቹን ለክተን ሒሳባችንን በጠባቡ እንሥራ።

ሁለተኛ፣ አንድ መለኪያ እንያዝ። ክንድ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ነገር ግን የአንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማል። ሁለት ሰው በየክንዱ ለክቶ አንድ ግድግዳ ቢሠራ ልኩ አይገጥምም። ሜትር ከሌለን ከጎረቤት እንዋስ። ሥራው እስኪያልቅም ያንኑ አንዱን ሜትር እንጠቀም።

ሦስተኛ፣ የመነሻውን መስመር እናስምር። የመጀመሪያው ጣውላ መሬት መንካት የለበትም። ዝናብ መሬት ላይ ሲወርድ ተፈናጥሮ የግድግዳውን ሥር ያረጥባል። ምስጥም ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መንገድ እየሠራ ነው የሚወጣው። በመሬትና በጣውላው መካከል ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከተውን ጣውላው ከፍንጥርጣሪ ይድናል፤ የምስጡንም መንገድ ቶሎ አይተን እናፈርሰዋለን። መሬቱ ዘንባላ ከሆነ ይህን 20 ሴንቲ ሜትር የምንለካው መሬቱ ከፍ ካለበት በኩል ነው።

ከዚያ ይህንኑ ከፍታ ወደ ሌላው ማዕዘን እናሻግር። በዓይን አንገምት፤ ዘንባላ መሬት ዓይንን ያታልላል። ውሃ ልክ ከሌለን ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ እንሙላበት። አየር በመካከሉ እንዳይቀር እናስወጣ። አንዱ ሰው አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ጫፍ ከግድግዳው ጋር ይያዝ። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ምልክት አድርገን ሲባጎ እንወጥር። መነሻችን ይህ ሲባጎ ነው።

አራተኛ፣ ረድፎቹን እናካፍል። የሣር ክዳን እንዴት ነው የሚከደነው? ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ የላዩ የታችኛውን እየሸፈነ አይደለም እንዴ? ጣውላም እንዲሁ ነው። በአግድም ይመታል፤ የላይኛው የታችኛውን አናት ይሸፍናል። ውሃው ከጣውላ ወደ ጣውላ እየወረደ ከውጭ ይቀራል። መደራረቡ ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ።

እስቲ አንድ ግድግዳ እናስላ። መስኮት የሌለው ግድግዳ ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። ከሲባጎው እስከ ጣሪያው ሥር ያለው ከፍታ 2 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት 228 ሴንቲ ሜትር ነው። የደረቀው ጣውላ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ጣውላ 20 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። ከ228 ላይ 20 ሲቀነስ 208 ይቀራል። እያንዳንዱን ጣውላ በ3 ሴንቲ ሜትር ብንደራርበው በየረድፉ 17 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እንሄዳለን። 208 ለ17 ሲካፈል 12 ይደርሳል፤ 4 ይተርፋል። ይህች 4 ሴንቲ ሜትር ናት ችግሩ! ሳያሰላ የጀመረ ሰው ከጣሪያው ሥር ሲደርስ የ4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይጠብቀዋል። አንድ ረድፍ ሙሉ ጣውላ ሰንጥቆ ቀጭን ቅዳጅ ሊያስገባ ነው። ቀጭን ቅዳጅ ደግሞ ሚስማር ሲገባው ይሰነጠቃል።

አስቀድሞ ያሰላ ሰው ግን እንዲህ ያደርጋል። ያው 13ኛ ጣውላ መጨመሩ ካልቀረ፣ 208ን ለ13 ያካፍላል። 16 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም። በየረድፉ 16 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ መደራረቡ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ረድፎቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። የመጀመሪያው ሲጨመር በጠቅላላ 14 ረድፍ ነው።

አምስተኛ፣ የልክ ዘንግ እናዘጋጅ። ቀጥ ያለ ዘንግ እንውሰድ። ከታች ጫፉ ጀምረን በየ16 ሴንቲ ሜትሩ እንጫር፤ 0፣ 16፣ 32፣ 48 እያልን እስከ 208። ጭረቶቹ 14 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጭረት የአንድ ጣውላ የታች ጠርዝ ነው። ትክክል መሆኑን ለማወቅ በመጨረሻው 208 ላይ የጣውላውን 20 እንደምር፤ 228 ይመጣል። ዘንጉን በአንደኛው ማዕዘን ሲባጎው ላይ አቁመን ምልክቶቹን ወደ ግድግዳው እንገልብጥ። ወደ ሌላው ማዕዘንም ይዘነው ሄደን እንገልብጥ። በየጊዜው በሜትር ስንለካ ትንሽ ትንሽ ስሕተት ይከማቻል፤ አንድ ዘንግ ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። ግድግዳው መስኮት ካለው ዘንጉን መስኮቱ አጠገብ እናቁመው። ጣውላው በመስኮቱ ልክ ሲቆረጥ ቀጭን ምላስ የሚቀር ከሆነ፣ መደራረቡን ጥቂት ጨምረን ወይም ቀንሰን ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። ይህን አሁን ማስተካከል ወጪ የለውም፤ ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ ግን ወጪ ነው።

ስድስተኛ፣ ቋሚ ሞራሌዎቹን እናስቀምጥ። ጣውላ በቀጥታ ጭቃ ላይ አይመታም። በመጀመሪያ ቋሚ ሞራሌ ይመታል። የሞራሌው ሚስማር ጭቃውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ማገር ወይም ቋሚ እንጨት መያዝ አለበት። ሞራሌው ጣውላውን ከግድግዳው ስለሚያርቀው በመካከሉ አየር ይገባል፤ የረጠበው ይደርቃል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ሆዱ ይነፋል፣ ይጎደጉዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ጫፍ ሞራሌዎች በቱንቢ ቀጥ አድርገን እንምታ። በመካከላቸው ሲባጎ ወጥረን ሌሎቹን በሲባጎው ልክ፣ በጎደለበት ከኋላ እንጨት እየወሸቅን እናስተካክል።

ሞራሌዎቹን በየ50 ሴንቲ ሜትር ብናቆም በ6 ሜትር ላይ 12 ክፍተት ይኖራል። ሞራሌው ግን 12 አይደለም፤ 13 ነው። አጥር ያጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ላይም መጨረሻ ላይም እንጨት ይቆማልና። ጣውላ ከጣውላ በሚገጣጠምበት በ2 ሜትሩና በ4 ሜትሩ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ሞራሌ ጎን ለጎን እናድርግ። ያኔ የየጣውላው ጫፍ የራሱ ማረፊያ ያገኛል። በጠቅላላ 15 ሞራሌ ሆነ።

ሰባተኛ፣ ስንት ጣውላ እንግዛ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። ግድግዳው 6 ሜትር ነው፤ ጣውላው 4 ሜትር ነው። «ለአንድ ረድፍ ሁለት ጣውላ ያስፈልጋል፤ 14 ረድፍ ስለሆነ 28 ጣውላ ግዛ» ቢሉን እውነት ይመስላል። ግን በየረድፉ 2 ሜትር ቁራጭ ይተርፋል። ያ ቁራጭ የት ይሄዳል? ወደ ምድጃ።

ነገሩን በወረቀት ላይ እንሣለው። በመጀመሪያው ረድፍ ከግራ 4 ሜትር፣ ከቀኝ 2 ሜትር። በሁለተኛው ረድፍ ከግራ 2 ሜትር፣ ከቀኝ 4 ሜትር። ሁለቱ የ2 ሜትር ቁራጮች የወጡት ከአንድ ጣውላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ረድፍ 3 ጣውላ በቃ። 14 ረድፍ ማለት 7 ጊዜ ሁለት ረድፍ ነው። 7 ጊዜ 3 ደግሞ 21 ነው። ከ28 ላይ 7 ጣውላ ተረፈልን! ሌላም ጥቅም አለው። መገጣጠሚያዎቹ በአንድ መስመር አይወርዱም፤ እንደ ድንጋይ ካብ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በአንድ መስመር ቢወርዱ ውሃ መንገድ ያገኝ ነበር። የሚሰነጠቅና ጉጥ የበዛበት ስለማይጠፋ ሁለት ጣውላ ለመጠባበቂያ ጨምረን 23 እንግዛ።

ሚስማሩንም እንቁጠር። በአንድ ረድፍ ላይ በየሞራሌው አንድ አንድ፣ መገጣጠሚያው ላይ ሁለት እንመታለን። 13 ላይ 1 ሲደመር 14 ነው። 14 ረድፍ ጊዜ 14 ሚስማር 196 ይሆናል። ሚስማሩ የሚመታው ከጣውላው የታች ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። መደራረቡ 4 ስለሆነ የታችኛውን ጣውላ አናት አይነካውም። ሁለቱን ጣውላ በአንድ ሚስማር ከቸነከርናቸው ሲኮማተሩ ይሰነጠቃሉ።

በመጨረሻም፣ ከመምታታችን በፊት ጣውላዎቹን መሬት ላይ በየረድፋቸው እንደርድራቸው። ጠማማውን፣ ጉጣሙንና ስንጥቁን እንለይ። ደህናውን ወጨፎ አብዝቶ በሚመታው በኩል፣ ደከም ያለውን ከጣሪያው ሥር እናድርግ። ይህ ሁሉ ልኬትና ስሌት ከአንድ ቀን አያልፍም። የሚያድነው ግን 7 ጣውላ፣ የእናቶቻችንን የየዓመቱን ልቅለቃና በጎታ ያለውን ዘር ነው።

ወገኖች፣ አናጢ እንቅጠር፤ ሙያውንም እናክብር። ነገር ግን ቁጥሩን ለእርሱም ሆነ ለነጋዴው ብቻ አንተው። ወረቀቱን ይዘን አብረን እናስላ። ያኔ ስንት እንደሚበቃ ሲጠይቁን መልሱ በእጃችን ይሆናል።

ለመለማመጃ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታውና ጣውላው እንዳለ ሆኖ የግድግዳው ርዝመት 8 ሜትር ቢሆን ስንት ጣውላ ያስፈልጋል? መገጣጠሚያዎቹ በአንድ መስመር እንዳይወርዱስ በአንደኛውና በሁለተኛው ረድፍ ጣውላውን እንዴት ትቆርጡታላችሁ? ሠርታችሁ አምጡ፤ በሚቀጥለው ስንገናኝ ሰሌዳ ላይ አብረን እናርመዋለን።