ምድር ስትናወጥ ምንጩን ስለ መመርመር



የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በፎቅ ቤት ውስጥ የነበራችሁ፣ አልጋችሁ እንደ ተወዛወዘ ታስታውሱ ይሆናል። ከዚያም በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ጥያቄ ይሰማ ነበር። ይህ ነገር ከየት መጣ? ወደ እኛስ ይደርስ ይሆን? የሁለተኛው መልስ በመጀመሪያው ላይ የተመሠረተ ነውና ዛሬ ከመጀመሪያው እንነሣለን።

አለት ተሰንጥቆ ሲንሸራተት ሁለት ዓይነት ሞገድ በምድር ውስጥ ይጓዛል። አንደኛው ይቀድማል፤ ሁለተኛው ይዘገያል። በመካከላቸው ያለው የሰከንድ ልዩነት በ8 ቢባዛ የምንጩ ርቀት በግምት በኪሎ ሜትር ይገኛል። ልዩነቱ 16 ሰከንድ ቢሆን ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ተራራ እንደ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ምስክር ለፍርድ እንደማይበቃ፣ ቦታው የሚረጋገጠው ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች ቃል ሲገናኝ ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ምክንያቱ ይጠየቃል። በአገራችን የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ቀስ በቀስ ይለያያል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ጊዜ አለቱ በድንገት ይንሸራተታል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የማጀቴን ቤቶች ያፈረሰው፣ የደሴንም መንገድ ያበላሸው እንዲህ ያለው ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅልጥ አለት ከሥር ተነሥቶ ምድርን እየሰነጠቀ ይገባል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በዚህ ዓይነት ተከፈተ፤ ስፋቱም እስከ 8 ሜትር ደረሰ።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን መካከል ከታየው መናወጥ ትልቁ መጠኑ 6.0 ነበር። ባለሙያዎች ቅልጥ አለት መግባቱን ያወቁት ግን ከትልቁ ብቻ አይደለም። ማንም ያልደነገጠባቸው ብዙ ትንንሾች በመስመር ተከታትለው ሲሄዱ፣ ሳተላይትም መሬቱ መከፈቱን ሲለካ ነው። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው በተነሡበት በዚያ ወራት ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው መገመት አያዳግትም።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የጣቢያው መሥራች አባ ፒየር ጉዌን ከመሣሪያው ዘመን በፊት የነበረውን መናወጥ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ ለቅመው በመጽሐፍ አሰባስበዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። መናወጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሰው በዓለም ላይ የለም፤ አውቃለሁ የሚላችሁንም አትመኑ። የትኛው አካባቢ ምን ያህል ብርታት ያለው ቤት እንደሚያሻው ግን ከመዝገቡ ይታወቃል። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚያልፍ ሁሉ፣ የምትፈርሙት በዚያ ፎቅ ውስጥ በሚተኙት ሰዎች ሕይወት ላይ መሆኑን አስታውሱ። መናወጡን ማስቀረት አንችልም፤ ቤቱን ማጽናት ግን በእጃችን ነው።